ቡላ ሳነቴ አትወጣም

የእህቴ ልጅ አዲስ አበባ ይኖራል። ቅዳሜና እሁድ ከጓደኞቹ ጋር በማውንቴን ባይክ እንጦጦን ሲወጣና ሲወርድ የሚውል ልጅ ነው። ዘንድሮ መስቀል ካለፈ በኋላ ትልቅ ጉዞ አስበዋል። ከአሰላ ይነሳሉ፤ በበቆጂ፣ በአሳሳ፣ በዶዶላና በአዳባ አድርገው ዲንሾ ይገባሉ፤ ከዚያ ሮቤ፣ ጎባ፣ መጨረሻው ባሌ ተራሮች ላይ ያለው የሳነቴ ሜዳ። ዕቅዱን ጽፎ ላከልኝና "ጋሼ፣ እስኪ ይዩልኝ፤ ቡላም ትሄዳለች" አለኝ። ቡላ ውሻው ናት። ስሟን ያገኘችው ከጠጉሯ ቀለም ነው፤ ጆሮዋ የቆመ፣ ጅራቷ የተጠቀለለ፣ 18 ኪሎ የምትመዝን ያገር ውሻ።

ዕቅዱ ላይ ትርፍ ከመነዳሪ አለ፤ የካቴና ዘይት አለ፤ ለካሜራ የሚሆን ትርፍ ባትሪ አለ። ሳሙና የለም። የቡላ የክትባት ካርድ አልተጠቀሰም። በቀን 80 ኪሎ ሜትር እንደሚሄዱ ተጽፏል፤ ውሻዋ ይህን በምን እግሯ እንደምትችለው ግን አልተጻፈም። የመጨረሻው ቀን አጠገብ ደግሞ በትልልቅ ፊደል "ቡላ ቱሉ ዲምቱ ላይ! ፎቶ" ይላል፤ ሳነቴ ላይ ያለውን ተራራ ማለቱ ነው።

እኔ ጡረታ የወጣሁ የእንስሳት ጤና ረዳት ነኝ። የሥራ ዘመኔን አርሲና ባሌ ውስጥ ከብት ስከትብ ጨርሻለሁ፤ የገጠሩን ውሻም የገጠሩን ጅብም በደንብ አውቃቸዋለሁ። ወጣቶች አገራቸውን በብስክሌት ሊያዩ ሲነሱ ደስ ይለኛል። ውሻ ይዞ መሄዱንም አልቃወምም፤ ሰው ይስቅበት ይሆናል እንጂ ደግ ሐሳብ ነው። የማልወደው ጉዞውን ለሰው ልክ አቅደው ሲያበቁ ውሻዋን እንደ ዕቃ መደረባቸውን ነው። የቀኑን ርዝመት፣ የመነሻውን ሰዓት፣ ማደሪያውን፣ ከሁሉም በላይ መመለሻውን መወሰን ያለባት ቡላ ናት። በዚህ ዓይን ካየነው የቡላ መመለሻ ዶዶላ ነው።

ከእግሯ እንጀምር። ውሻ እንደኛ በገላው አያልብም፤ ከመዳፉ ስር ከምትወጣ ጥቂት እርጥበት በቀር ሙቀቱን የሚያስወጣው በማለክለክ ነው። ጌታው ፔዳል ላይ ሆኖ ነፋስ ሲያገኘው እሷ የጋለ አስፋልት ደረቷ ስር አድርጋ ትሮጣለች። ደግሞም ውሻ አይለግምም። ጌታው እስከሄደ ድረስ ይከተላል፤ መድከሙን የሚናገረው ሲወድቅ ነው። ምላሷ ከመጠን በላይ ረዝሞ ጫፉ ሰፋ ሲል፣ ምራቋ ሲወፍር፣ እርምጃዋ ሲወላገድ ካያችሁ ቀድሞውንም ዘግይታችኋል። ጥላ ፈልጉ፣ ሆዷንና ብብቷን በውኃ አርሱ፣ የዕለቱን ጉዞ እዚያው አቁሙ። አስፋልቱ መጋሉን ለማወቅ መሣሪያ አያስፈልግም። የእጃችሁን ጀርባ መንገዱ ላይ አስቀምጡ፤ 7 ሰከንድ ያህል መታገስ ካቃታችሁ እሷም አትችለውም።

ስለዚህ 80 ኪሎ ሜትር የምትለዋን መስመር ሰርዤያታለሁ። ቡላ ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እስከ 3 ሰዓት አካባቢ፣ በየመሀሉ እያረፈች፣ ከአስፋልቱ ዳር ባለው አፈር ላይ ትሮጣለች። ከዚያ በኋላ ትጫናለች። እዚህ ላይ ልጆቹ "ዳገት ላይ እንጭናታለን፣ ቁልቁለት ላይ ትሮጣለች" ብለው ነበር። መሆን ያለበት የዚህ ግልባጭ ነው። ጋሪ የሚጎትት ብስክሌት ዳገት ላይ በሰዓት 7 ወይም 8 ኪሎ ሜትር ቢሄድ ነው፤ ይህ ለቡላ የመዝናኛ ሶምሶማ ነው። ቁልቁለት ላይ ብስክሌቱ 40 ሲደርስ ግን እኩል እሄዳለሁ ስትል መዳፏ ይላጣል፣ በየዝላዩ የሰውነቷ ክብደት የሚያርፍባቸው የፊት እግሮቿ መገጣጠሚያዎች ይጎዳሉ። አሰላ ከባሕር ጠለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ነው፤ በቆጂ ወደ 2,800 ይጠጋል። ቀዝቃዛና ሽቅብ የሚሄድ መንገድ ነው፤ ለሰው ሳንባ ፈተና ቢሆንም ለውሻ ይስማማል። ከበቆጂ እነ ደራርቱ ቱሉና እነ ቀነኒሳ በቀለ የወጡት በከንቱ አይደለም። አጥንቱ ያልጠና ቡችላ ግን ለእንዲህ ያለ ጉዞ አይታጭም፤ ዓመት ተኩል ይሙላው።

የውሻ መጫኛ ጋሪ ገዝታችሁ ለማምጣት ከምትንከራተቱ ብየዳ ቤት ሂዱ። ቀጭን ቱቦላሬ፣ የልጆች ብስክሌት ሁለት ጎማ፣ ዝቅ ያለ ወለል፣ ዙሪያውን ሸራ፣ ፊት ለፊቱ አየር የሚያስገባ መረብ በቂ ነው። ከብስክሌቱ ጋር የሚያያዘው ከኮርቻው ስር ሳይሆን ከኋላ ጎማው ዘንግ ላይ ይሁን፤ ከፍ ብሎ የታሰረ ጋሪ ቁልቁለት ላይ ብስክሌቱን ገፍቶ ይጥለዋል። ጋሪው እንዳለቀ ወዲያው መንገድ አትውጡ። መጀመሪያ ግቢ ውስጥ ይቁም፤ ቡላ ምግቧን እዚያ ውስጥ ትብላ፣ ትተኛበት። ከዚያ በእጅ እየተጎተተ ትልመደው። በግድ የተጫነች ውሻ መጀመሪያ ያገኘችው አይሱዙ ክላክስ ሲያደርግ ዘላ ትወርዳለች።

የምትሮጥበት ማሰሪያ አንገቷ ላይ አይሁን። ከመርካቶ አሮጌ የመኪና ቀበቶ ገዝታችሁ ጫማ ሰፊ ዘንድ ብትሄዱ ደረቷን አቅፎ የሚይዝ ማሰሪያ ይሠራላችኋል። ገመዱን መሪ ላይ የሚያስር ሰው ጥርሱን ለመሰናበት የቆረጠ መሆን አለበት፤ ድንገት ድመት ያየች ውሻ መሪውን ጠምዝዛ ትጥለዋለች። ወገባችሁ ላይ እሰሩት፣ በአንድ ስበት የሚፈታ ይሁን። እሷ በቀኝ፣ መኪናው በግራ።

ስለ ስንቁ ብዙ አልልም። እናንተ በሶና ጩኮ ትይዛላችሁ፤ የእሷን ደግሞ ቤት የለመደችውን ያዙ። ይህን የሚያህል ውሻ ሳይሠራ በሚውልበት ቀን 1 ሊትር ያህል ውኃ ይበቃዋል፤ በሩጫ ቀን እጥፉንና ከዚያም በላይ ይፈልጋል። አንድ ነገር ግን አጥብቄ እከለክላለሁ፤ ከየሥጋ ቤቱ ደጃፍ ጥሬ ሳንባና ጉበት ለቅሞ መስጠት ይቅር። እኛ አገር በሚታረዱ በጎችና ከብቶች ሳንባና ጉበት ውስጥ ውኃ የቋጠረ ከረጢት ብዙ ጊዜ ይገኛል። ውሻ ጥሬውን ከበላው አንጀቱ ውስጥ የኮሶ ትል ይሆናል፤ እንቁላሉ ደግሞ ተመልሶ ወደ ሰው ይገባል። ቀቅሉት፤ ከመነሳታችሁ በፊትም የትል መድኃኒቷን ስጧት። ሌላም አለ። በአንዳንድ ከተሞች ባለቤት የሌላቸውን ውሾች ለመቀነስ መርዝ የተቀባ ሥጋ ይጣላል። በመንገድ ዳር ከተማ ስታልፉ የቡላ አፍ ይታሰር፤ ወይ ጋሪው ውስጥ ትቀመጥ።

ማታውን ልጆቹ ያሰቡት በድንኳን ነው። ጅብ ብለው ግን አልጻፉም። አርሲ ውስጥ ሌሊት ደጅ የታሰረ ውሻ የጅብ ራት ነው፤ የታሰረ ውሻ አይሸሽም፣ የጮኸም እንደሆነ ያለበትን ነው የሚናገረው። ለጅብ ድንኳን ግድግዳ አይሆንም። ስለዚህ ማደሪያው አጥር ያለው፣ በር የሚዘጋ አልጋ ቤት መሆን አለበት፤ ባለቤቱ ደግሞ ውሻ እንደሚመጣ አስቀድሞ ይነገረው። ብዙዎቹ እምቢ ይላሉ። መብታቸው ነው፤ ማኩረፍ አያስፈልግም። በዚያ መስመር የምታገኙት ሰው በብዛት ሙስሊም ነው፤ የውሻ ምራቅ ልብሱን ወይም ዕቃውን ከነካው ሳያጥብ መስገድ አይችልም። ክርስቲያኑም ቢሆን ውሻ ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሲገባ ዝም ብሎ አያይም። ቡላን ሰው ቤት አታስገቧት፣ ሰው ባቀረበላችሁ ሳህን አታብሏት። ይህን ካከበራችሁ የዕቃ ቤት ጥግ የሚሰጣችሁ ሰው አይጠፋም። በአርሲም በባሌም ስዞር የእንግዳ ፊት የሚያስጠላው ሰው አልገጠመኝም። የመንገዱን ሰላምም ከመነሳታችሁ በፊት በየወረዳው ደውላችሁ ጠይቁ፤ መታወቂያችሁን ያዙ፤ "ከፊት አትሂዱ" ካሏችሁ አትሂዱ።

የመንደር ውሾች ሌላው ጣጣ ናቸው። አጥር ስር ተኝቶ የዋለ ውሻ ብቻውን ለሚያልፍ ብስክሌት ይጮኻል፤ ከብስክሌቱ ጎን ሌላ ውሻ ሲያይ ግን መጮኹን ትቶ ይመጣል። መፍጠን አይጠቅምም። ውረዱ፣ ብስክሌቱን በመሀል አድርጉ፣ ቡላን ጋሪው ውስጥ ክተቱና ባለቤቱን ተጣሩ። ድንጋይ መወርወርም አያስፈልግም፤ ያገራችን ውሻ ጎንበስ ያለ ሰው ምን ሊያነሳ እንደሆነ ያውቃል። የጉዞው ሰሞን ቡላ ወንድ የምትፈልግበት ጊዜ ከሆነ ደግሞ ጉዞው ይቅር፤ የመንደሩ ውሻ ሁሉ ተሰልፎ በቆጂ ድረስ ይሸኛችኋል።

አሁን ወደ ሳሙናው ልመለስ። የእብድ ውሻ በሽታ የሚተላለፈው በምራቅ ነው። ቫይረሱ በንክሻው ገብቶ ነርቭን ተከትሎ ወደ አንጎል ይሄዳል፤ አንጎል ደርሶ ምልክት ካሳየ በኋላ የሚያድን መድኃኒት የለም። ከዚያ በፊት ግን ጊዜ አለ፤ ብዙ ጊዜ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት። ስለዚህ የነከሳችሁ ውሻ የማንም ይሁን፣ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ እጠቡት። ሰዓት ተመልከቱ፤ 15 ደቂቃ ከምታስቡት በላይ ይረዝማል። ከዚያ በቀጥታ ጤና ጣቢያ። ውሻው ታስሮ 10 ቀን ይታይ፤ የታመመ ውሻ በዚያ ጊዜ ውስጥ ይሞታል። ገጠር ስሠራ ያየኋቸው አሳዛኝ ነገሮች አብዛኞቹ ከንክሻው ይልቅ ከመዘግየቱ የመጡ ነበሩ። ሰው መጀመሪያ ሥር ማሽ ዘንድ ይሄዳል፤ ቁስሉ ሲደርቅለት ዳንኩ ብሎ ይቀመጣል።

የቡላ ክትባትም የመነሻው ዋዜማ ላይ የሚደረግ አይደለም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል። ውሻ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲከተብ ሰውነቱ መከላከያውን እስኪያበጅ ሳምንታት ይወስድበታል፤ ስለዚህ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይሁን። በየዓመቱም ይደገም። የወረዳ የእንስሳት ክሊኒክ ካርድ ይሰጣል፤ ካርዱ ከመታወቂያችሁ ጋር ይቀመጥ። ከዚህ ሌላ ዲስቴምፐር የሚባል የውሾች ገዳይ በሽታ አለ፤ እሱም ክትባት አለው፤ አዲስ አበባ ያለ ሰው አላገኘሁም ሊል አይችልም።

እንግዲህ ቡላ ከተከተበች፣ ጋሪዋን ከለመደች፣ ማደሪያዋ ከተዘጋጀ ለምን ሳነቴ አትወጣም?

ቀይ ቀበሮ ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ያለ እንስሳ ነው። በምድር ላይ ያለው ሁሉ፣ ለአካለ መጠን የደረሰው ቢቆጠር 500 አይሞላም፤ ከግማሽ በላዩ ባሌ ነው። ጠላቱ አዳኝ አይደለም፤ የጨረሰው የኛው ውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና በ1992 የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ገብቶ ፈጃቸው። በ2003 ተመልሶ መጣ፤ በዚያ ወረርሽኝ ዌብ ሸለቆ ውስጥ ከነበሩት ከአራቱ ሦስቱ ያህል አለቁ። በ2008 እና በ2009 መጣ፤ በ2014 ደግሞ መጣ። በየመሀሉ ዲስቴምፐር በ2006፣ በ2010 እና በ2015 የተረፉትን መታ። ቀይ ቀበሮ አይጥና ፍልፈል የሚያድነው ለየብቻው ቢሆንም የሚኖረው በመንጋ ነው። ማታ አብረው ይተኛሉ፤ ጠዋትና ማታ ሲገናኙ አፍ ለአፍ ይሳሳማሉ። አንዱ ቀበሮ ከታመመ መንጋው ሁሉ እንደታመመ ቁጠሩት። ጣጣው በሽታ ብቻም አይደለም። ዌብ ሸለቆ ውስጥ ወንድ ውሾች ከሴት ቀበሮዎች ጋር ተዳቅለው ውሻም ቀበሮም ያልሆኑ ልጆች ተወልደዋል።

ይህን ለመከላከል የሚለፋ ሰው አለ። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ዙሪያ ያሉትን መንደሮች እየዞረ ውሾቻቸውን ይከትባል። በ2018 ደግሞ ቀበሮዎቹን ራሳቸውን በአፍ በሚወሰድ ክትባት መከተብ ተጀምሯል፤ ክትባቱ በፍየል ሥጋ ውስጥ ተደብቆ ይጣልላቸዋል። ብርድ በሚያንቀጠቅጥበት፣ ከ4,000 ሜትር በላይ በሆነ ሜዳ ላይ ሰዎች ለቀበሮ ሥጋ ሲያድሉ፣ እኛ ከአዲስ አበባ ውሻ ጭነን ለፎቶ እንወጣለን?

የእህቴ ልጅ ዝም የሚል አይደለም። "ጋሼ፣ ቡላ ተከትባ፣ ታስራ ነው የምትሄደው፤ ደግሞ ፓርኩ ውስጥ የእረኛው ውሻ ሞልቶ የለም እንዴ?" አለኝ። እውነቱን ነው፤ ሞልቷል። ባሌ ውስጥ ጎዳንቱ የሚባል የቆየ ልማድ አለ፤ ከብት እንደ ወቅቱ ወደ ደጋው ይወጣል፣ ውሻም ከብቱን ተከትሎ ይወጣል፤ በሽታው ወደ ላይ ከሚወጣባቸው መንገዶች አንዱም ይህ ነው። ነገር ግን እረኛው ውሻ የሚይዘው ጥጃውን ከጅብና ከነብር ለመጠበቅ ነው። ውሻህን ተው ብንለው ሌላ ምን ጠባቂ እንሰጠዋለን? ስለዚህ የእሱ ውሻ ይከተባል፣ ከእሱ ጋር ይመከራል፣ ይህም ዓመታት ይወስዳል። የቡላ ጉዳይ ግን ቀላል ነው። ሳነቴ ላይ የሚጠብቃት ሥራ የለም። የምትወጣው ፎቶ ልትነሳ ነው፤ ለፎቶ ሲባል የሚወሰድ አደጋ ትንሽም ቢሆን ብዙ ነው።

መከተቧም ቢሆን ሁሉንም አይዘጋም። የእብድ ውሻ ክትባት የእብድ ውሻን ይከላከላል እንጂ ቁንጫዋንና እከኳን አይከላከልም። በገመድ የታሰረች ውሻም ገመዷ የሚበጠስበት ቀን አለ፤ ሳነቴ ላይ ፍልፈል ጉድጓዱ አፍ ላይ ብቅ ሲል ቡላ ምን እንደምታደርግ ለማወቅ ጠንቋይ መሆን አያሻም። የፓርኩም ሕግ የቤት እንስሳ ይዞ መግባትን ይከለክላል። "አስፋልቱን ብቻ ይዘን እናልፋለን" ለሚሉም መልስ አለኝ። ከአዳባ ወደ ዲንሾ ሲኬድ አስፋልቱ ራሱ ጋይሳይ ሜዳ ላይ በፓርኩ ውስጥ ያልፋል፤ የደጋ አጋዘን ከመንገዱ ዳር ቆሞ የሚታየው እዚያ ነው። ዶዶላ ያልኩት ለዚህ ነው። ከዶዶላ አንደኛው መንገድ ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አዳባና ወደ ፓርኩ ይሄዳል፤ ሌላው ወደ ምዕራብ፣ በኮፈሌ አድርጎ ሻሸመኔ ያወርዳል። ቡላ የምዕራቡ ናት። ኮፈሌ ደጋ ነው፣ ገብስና እንሰት ነው፣ ነፋሻ ነው፤ ለውሻ ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ከሻሸመኔ አንድ ደግ የአይሱዙ ሹፌር ብስክሌቱንም ውሻዋንም ከነጋሪዋ ጭኖ ይመልሳቸዋል፤ አውቶቡስ እንደሆነ አይጭናትም።

ከበቆጂ ዙሪያ ወደ ካካ፣ ከአሰላ በላይ ወደ ጭላሎና ወደ ጋላማ በእግር ልውጣ የሚልም ካለ ቡላን ታች ትቷት ይውጣ። አርሲ ተራሮች ላይም ቀይ ቀበሮ አለ፤ ቁጥሩ ከባሌው ያነሰ በመሆኑ አንድ መጥፎ ዓመት ይበቃዋል።

የእህቴ ልጅ ለጊዜው ተስማምቷል፤ በግማሽ ልብ ነው። ጓደኞቹ ከዶዶላ ወደ ሳነቴ ይቀጥላሉ፣ እሱ ከቡላ ጋር ወደ ኮፈሌ ይዞራል። ቅር ብሎታል። ቅር ይበለው። ውሻ ያለው ሰው የማይሄድበት ቦታ አለ፤ ሳነቴን ማየት ካማረው በሌላ ጊዜ ቡላን ለእኔ ትቷት ይሂድ፤ ግቢዬ ሰፊ ነው።

ጉዳዩ የአንድ ውሻ ብቻ ቢሆን ጋዜጣ ላይ አልጽፈውም ነበር። ባሌ ተራሮች እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል፤ ጎብኚው ይጨምራል፤ በብስክሌት የሚመጣውም ይጨምራል። በዚያው ልክ ከተማ ውስጥ ውሻ እንደ ቤተሰብ የሚያሳድግ ወጣት በዝቷል። ሁለቱ መልካም ነገሮች ሳነቴ ላይ እንዳይጋጩ አሁን መነጋገር ይሻላል። ክትባት በሽታን ከምድር ሊነቅል እንደሚችል በዓይኔ ያየሁ ሰው ነኝ። በምኒልክ ዘመን የአገሪቱን ከብት ፈጅቶ ክፉ ቀንን ያመጣው ደስታ በሽታ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም መጥፋቱ ታውጇል፤ ያጠፋው በየመንደሩ በእግር እየተዞረ የተሰጠ መርፌ ነው። የእብድ ውሻ በሽታም አንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 ከመቶው በየጊዜው ከተከተቡ መዛመቱን ያቆማል። በውሻ ንክሻ የሚመጣውን የሰው ሞት እ.ኤ.አ. በ2030 ለማስቆም ዓለም ተስማምቷል፤ የቀረው ጊዜ ብዙ አይደለም።

ስለዚህ የብስክሌት ጉዞ ለምታዘጋጁ ማኅበራትና አስጎብኚዎች የምለው አለ። ከተመዝጋቢው ገንዘብ ከመቀበላችሁ በፊት ውሻ ይዞ እንደሚመጣ ጠይቁት፤ የሚያመጣ ከሆነ ከአንድ ወር በላይ የሆነው የክትባት ካርድ ያሳያችሁ። የመንገዱን ካርታ ስታትሙ ዶዶላ ላይ ምልክት አድርጉና "ከዚህ ወዲያ ውሻ አይሄድም" ብላችሁ ጻፉ። ለእያንዳንዱ ጋላቢ በምትሰጡት የዕቃ ዝርዝር ላይም ሳሙና ጨምሩ።